የሚጮህ ፍሬን

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ከሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በቦርከና ሸለቆ ተቀምጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐረጎን አልፎ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የደሴ ዙሪያ፣ የኩታበርና የቃሉ ገበሬ ይህን ቁልቁለት ያውቀዋል። አባቶቹ በእግርና በበቅሎ ወርደውታል። እሱ ዛሬ በአውቶቡስ፣ በሚኒባስ ወይም በአይሱዙ ጭነት ላይ ሆኖ ይወርደዋል።

መኪናው ጥምዝ ላይ ሲደርስ ከጎማው በኩል ሲጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። ተሳፋሪው ይተያያል። አንዱ፣ «አይዟችሁ፣ ፍሬኑ ስለያዘ ነው የሚጮኸው» ይላል። ሌላው፣ «ፈጣሪ ያውጣን» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው። የሚጮህ ፍሬን ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ዝም ያለ ፍሬንም ሁሉ ደኅና አይደለም። ዋናው ነገር ድምፁን ከድምፅ መለየት ነው። ይህም ሀን ከሐ እንደ መለየት ይለመዳል።

በመጀመሪያ ፍሬን ምን እንደሆነ እንመልከት። ፍሬን ማለት የሚዞረውን ጎማ በፍትጊያ የሚያቆም መሣሪያ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ወደየጎማው ይሄዳል። እዚያ ያለው ትንሽ ፒስተን ሸራውን ይገፋዋል። ሸራ የሚባለው በጨርቅ የተሠራ አይደለም። ሙቀት የሚችል፣ ደረቅና ሻካራ ነገር ሆኖ በብረት ላይ ተለጥፎ ወይም በትንንሽ ምስማር ተመቶ የተያዘ ነው። ይህ ሸራ ከሚዞረው ብረት ጋር ሲፋተግ ጎማው ይቆማል።

የሚዞረው ብረት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ከበሮ የሚመስል ነው። ታምቡር ይሉታል። ሸራዎቹ በውስጡ ሆነው ወደ ውጭ እየተከፈቱ ይገፉታል። ሌላው እንደ ሰፌድ ክብና ጠፍጣፋ ነው። ዲስክ ይባላል። ሁለት ሸራዎች አንጥረኛ የጋለ ብረት በጉጠት እንደሚይዝ ከግራና ከቀኝ ይይዙታል። ባጃጅ በአብዛኛው ሦስቱም ጎማ ታምቡር ነው። ሚኒባስ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አለው። የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ ሁሉም ጎማቸው ታምቡር ነው።

ፍትጊያ ባለበት ሙቀት አለ። ብርድ ሲሆን እጃችንን አፋትገን እንሞቅ የለም? ነገሩ ያው ነው፤ ልኩ ግን ይለያል። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርድ የ600 ሜትሩ ቁልቁለት የሚሰጠው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 8 ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከዚህ ሙቀት ጥቂቱን ነፋሱና የጎማው መንከባለል ይወስዱታል። ሾፌሩ ከባድ ማርሽ ካስገባ ብዙውን ሞተሩ ይሸከመዋል። ሾፌሩ ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን ባዶ ካደረገው ግን የስምንቱ ጀሪካን እሳት በሸራና በታምቡር ላይ ይወድቃል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል። ሸራው ተከትሎ ብዙ መንገድ መሄድ አለበት። ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በገደል አፋፍ ላይ የሚደርሰው አደጋ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

ታዲያ ጩኸቱ ከየት ይመጣል? ማሲንቆ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። አዝማሪው ደጋኑን በጭራው ላይ ሲስበው ደጋኑ ጭራውን ያዝ ያደርገዋል፤ ከዚያ ይለቀዋል፤ እንደገና ይይዘዋል። ይህ ያዝ ለቀቅ በጣም ስለሚፈጥን ጭራው ይንቀጠቀጥና ድምፅ ይሰጣል። ደጋኑን ዕጣን ወይም ሙጫ የሚቀቡትም ቆንጠጥ አድርጎ እንዲይዝ ብለው ነው። ሸራውም ታምቡሩን እንዲሁ ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው ብረቱ ይንቀጠቀጥና ይጮኻል። ስለዚህ ጩኸት ማለት መንቀጥቀጥ ነው። መንቀጥቀጡን ያመጣውን ነገር ማግኘት የእኛ ሥራ ነው።

ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚሰማ ጩኸት አለ። መኪናው ውጭ ሲያድር፣ በተለይ በክረምት፣ የደሴ ጉምና ጤዛ በብረቱ ላይ ስስ ዝገት ያወጣበታል። ሾፌሩ አራት አምስት ጊዜ ፍሬን ሲይዝ ዝገቱ ተፍቆ ድምፁ ይጠፋል። ይህ በሽታ አይደለም። ሰው ጠዋት ሲነሣ እንደሚያስለው ያለ ነው።

ቀኑን ሙሉ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የሚጮህ ከሆነ ግን ምክንያት አለው። ታምቡር ውስጥ አቧራ ሞልቶ ይሆናል። በጥርጊያና በጠጠር መንገድ የሚውል መኪና ይህ ይበዛበታል። ወይም ሸራው ከመጠን በላይ ግሎ ፊቱ እንደ መስተዋት ለስልሶ ይሆናል። ወይም ሸራውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ላልቶ ይሆናል። ዲስክ ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንዳንዱ ሸራ ጎኑ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ተደርጎለታል። ሸራው አልቆ ሲሳሳ ምላሱ ዲስኩን ይነካና ይጮኻል። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። «አልቄአለሁ፣ ቀይሩኝ» ማለቱ ነው። ይህንን ጩኸት ዝም ለማሰኘት መሞከር ወፍ ጠባቂውን ከማማው አውርዶ ማሽላውን ለወፍ መተው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ሲጢጥታ ሳይሆን ቅርርር የሚል፣ ብረት በብረት የሚፋቅ ድምፅ ነው። ሸራው ፈጽሞ አልቆ ምስማሩ ወይም ባዶ ብረቱ ታምቡሩን እየሰነጠረው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ የሚሰማበት መኪና ቁልቁለት መውረድ የለበትም። ተሳፋሪም ቢሆን ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም። «ልጄ፣ ይህ ፍሬን ብረት እየበላ ነው፤ ቁምና እይ» ማለት ነውር የለውም። የሚሰድብ ረዳት ይኖር ይሆናል። ይሳደብ።

አሁን ወደ ቤት ሥራው እንምጣ። አንድ የቦሩ ሜዳ ገበሬ በግና ድንች ሸጦ፣ ዕቁብ ጨምሮ ለልጁ ባጃጅ ገዛለት እንበል። ልጁ ደሴ ከተማ ውስጥ ይሠራል። ደሴም ራሷ ዳገትና ቁልቁለት ናት። አንድ ቀን ማታ ልጁ ገብቶ፣

«አባዬ፣ ያ የሚጮኸው ፍሬን ዛሬ ዝም አለልኝ» ይላል።

«ምን አድርገኸው?»

«ጓደኛዬ ነገረኝና በቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አደረግሁበት።»

«ዝም አለ ወይስ ሞተ?» ቢለው አባትየው፣ ልክ ነው።

ይህ ከልማዶች ሁሉ የከፋው ነው። ዘይት የበር ማጠፊያን ጩኸት ያጠፋል፤ እውነት ነው። ማጠፊያ ግን የተሠራው እንዲንሸራተት ነው። ፍሬን የተሠራው እንዲይዝ ነው። ዘይት፣ ግራሶ ወይም ናፍጣ የነካው ሸራ ይጠጣዋል። ቢጠርጉት፣ ቢያጥቡት አይለቅም። እንዲያውም ሲሞቅ ከውስጡ እየወጣ ያንሸራትታል። እንዲህ የሆነ ሸራ የሚጣል እንጂ የሚጠገን አይደለም። ልጁ አዲስ ሸራ እስኪገባለት ድረስ ባጃጁን ማቆም አለበት። የአንድ ቀን ገቢ ይቀርበታል። ይቅርበት።

ታምቡሩን ለመክፈት መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ ይፈለጋል። ተዳፋት ላይ ክሪክ አይቆምም። ሞተሩ ይጠፋል፤ ማርሽ ይገባል። የማይነሡት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸዋል። የእጅ ፍሬኑ ግን መለቀቅ አለበት፤ አለዚያ ሸራው ታምቡሩን ይዞ አላወጣም ይላል። ጎማው መሬት ላይ እያለ ብሎኖቹን ላላ ማድረግ፣ ከዚያ በክሪክ ማንሣት። ክሪክ ለማንሣት ነው እንጂ ለመሸከም አይታመንም። ከሥሩ ጠንካራ ግንድ ወይም የብረት ድጋፍ አስገቡ። ድንጋይ አትደርድሩ። ድንጋይ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል፤ እጅ ሥሩ ካለ እጅ ይሄዳል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ቸርኬ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራው ዘመን ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ ሲሠሩ መኪናቸውና መሣሪያቸው አብሮ መጣ። ወራሪው ሄደ፤ ስሙ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ መካኒኩ የሚለው ቃል ግር ቢላችሁ ያልተማራችሁ ሆናችሁ አይደለም። ቃሉ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ ነው።

ጎማው ወልቆ፣ በመሃል ያለው ትልቅ ዳዶ በታጠፈ ሽቦ የተቆለፈ ከሆነ፣ ያ ሽቦ ሲመለስ በአዲስ ይለወጣል። የታጠፈ ሽቦ ሁለተኛ ሲታጠፍ ይሰበራል። ታምቡሩ ሲወጣ በውስጡ ጥቁር ትቢያ ይታያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እፍ ይላል። እፍ አትበሉ! በድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ነገር ይገባ ነበር። ከድንጋይ የሚወጣ፣ እንደ ጥጥ የሚፈተል ጭረት ነው። ሙቀት ስለሚችል ተመርጦ ነበር። ነገር ግን ጭረቱ ዓይን አያየውም፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ እንኳ የሳንባ በሽታና ካንሰር ያመጣል። ስለዚህ ብዙ አገሮች ከልክለውታል። አሮጌ ሸራ ውስጥ ይኑር አይኑር በዓይን አይለይም። መፍትሔው ቀላል ነው። ትቢያውን በሳሙና ውሃ አርጥቡት። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ። ልጆችን አርቁ። በጋራዥ በነፋስ ፓምፕ ሲያቦኑት ብታዩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

አንድ ጎማ ብቻ ክፈቱ። በዚያው መስመር ያለው ሁለተኛው ጎማ ሳይነካ ይቆይ። ሞላው በየት እንደሚገባ፣ የትኛው ሸራ ወደ ፊት እንደሆነ ሲጠፋችሁ ያኛውን ከፍታችሁ ታዩታላችሁ። ግራው የቀኙ ግልባጭ መሆኑን ግን አትርሱ። ታምቡሩ ወጥቶ ሳለ ፔዳሉን ማንም እንዳይረግጥ። ከተረገጠ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ የፍሬን ዘይቱም ይፈሳል።

አሁን ሸራውን እዩ። ውፍረቱ የክብሪት እንጨት ያህል ብቻ ከቀረ ጊዜው ደርሷል። በምስማር የተያዘ ከሆነ የምስማሩ ራስ ወደ ላይ ሊወጣ ሲቃረብ ይቀየራል። ከተሰነጠቀ ይቀየራል። ዘይት ከነካው ይቀየራል። ሲቀየርም የግራና የቀኝ ጎማ አብሮ ነው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። አንድ በሬ የጠገበ፣ አንድ በሬ የራበው ሆኖ ጠምዶ ያረሰ ሰው ይህን አያጣውም።

ሸራው ወፍራም ሆኖ ፊቱ ብቻ የሚያብለጨልጭ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ መፈተግ ነው። ብልጭታው እስኪጠፋ ብቻ። ከዚያ ደኅና አድርጎ ማድረቅ። የታምቡሩን ውስጥ በጥፍር ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለው ወደ ቶርኖ ቤት ይወሰድና ይላጋል። መላጊያው ልክ አለው። በአብዛኛው ታምቡር ላይ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ሊሰፋ እንደሚችል በቁጥር ተቀርጿል። ከዚያ ካለፈ ታምቡሩ ሳስቶ ይሰነጠቃልና አይሆንም።

ሸራው የተሸከመው ብረት ከኋላው ካለው ሳህን ጋር የሚነካካበት ጥቂት ቦታ አለ። በእነዚያ ቦታዎች ላይ ሙቀት የሚችል ግራሶ የምስር ፍሬ ያህል ይቀባል። ግራሶ የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ጩኸቱን የሚያጠፋውም ይህ ነው። የላላ ወይም የዛገ ሞላም በአዲስ ይተካ፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

በትንሹ ፒስተን ዙሪያ እርጥበት ካያችሁ ግን እዚያው ላይ ቁሙ። የፍሬን ዘይት እያፈሰሰ ነው። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። እንዲሁም በአየር የሚሠራ የትልልቅ መኪና ፍሬን ቤት ውስጥ አይነካም። በአንዳንዱ ውስጥ የታመቀ ኃይለኛ ሞላ አለ። ያለ ዕውቀት ሲፈታ እንደ ጥይት ይወጣል፤ ሰው ይገድላል።

ስለ ፍሬን ዘይት ጥቂት እንጨምር። በማስቀመጫው ክዳን ወይም በቆርቆሮው ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ይጻፍበታል። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ቢሆንም ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። ክዳኑ 3 ካለ 3፣ 4 ካለ 4 ግዙ። በምትኩ የሞተር ዘይት ማድረግ የፍሬኑን ጎማ ነክ ክፍሎች ያሳብጣቸዋል፤ ፍሬኑ ይሞታል። የፍሬን ዘይት ደግሞ አሞሌ ጨው በክረምት እንደሚያደርገው ከአየር ውሃ ይስባል። ደረጃውን የጠበቀ አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። ውሃ ከሳበ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ሾፌሩ ሐረጎ ላይ ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ ባዶ ይገባል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር፣ ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮንም አለመጠቀም ነው። መርዝ ስለሆነ የውሃ ዕቃ አጠገብ አይቀመጥ።

ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ቢወርድ ፍሬኑ አይጮኽበትም፤ ሸራውም ይቆይለታል። ፍሬኑን ሁልጊዜ እንደረገጡ ከመውረድ ጠንከር አድርጎ ይዞ፣ ቀነስ ሲል ለቆ፣ ነፋስ እንዲያገኝ ማድረግ ይሻላል። ጨርቅ የተቃጠለ የመሰለ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ታኮ አድርጎ፣ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ኮምቦልቻ ሲደርሱ በጋለው ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት አይገባም። እናቶች በጋለ ምጣድ ላይ ውሃ የማያፈሱት ለምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ባጃጁ ተገጥሞ ሲያልቅ ፔዳሉ ጠንከር እስኪል ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ መሞከር። ወደ አንድ ጎን ይሄዳል ወይ? ጎማው በነፃ ይዞራል ወይ? አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ጥቂት ቀን ይፈልጋል። በመካከለኛ ፍጥነት እየሄዱ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ለስለስ አድርጎ መያዝ፣ በየመካከሉ ማብረድ ያላምደዋል። በነዚያ ቀናት ትንሽ ቢጮህ አያስደነግጥም። የጎማው ብሎኖች ግን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ እንደገና ይጠበቁ።